ምርጡ ቡና ለባለቤቱም ይገባል

ኢትዮጵያ በየዓመቱ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምትጠጣው ራሷ ናት። በአፍሪካ በመጠን የዚህን ያህል ቡና ለራሱ የሚያስቀር ሌላ አምራች አገር የለም። መብዛቱ ግን መጣፈጡን አያረጋግጥም። ቡና ሳይጠጣ ውሎ የማያድር ሕዝብ፣ በተለይ በከተማ፣ በአብዛኛው የሚደርሰው ለውጭ ገበያ ሲለቀምና ሲበጠር የቀረው ነው። ይህ እንደ ተራ ነገር ሊታለፍ አይገባም። የአገራችን ቡና ጥራት የሚጸናው ላኪና ገዢ ስለተስማሙ ብቻ ሳይሆን፣ ጠጪው በቤቱም በካፌም ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ ሲጠይቅ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት ግማሹ ዱሮም በጀበናችን ዙሪያ አለ፤ የቀረው ግማሽ ራሳቸው ቆልተው ራሳቸው በሚያፈሉ ትንንሽ ካፌዎች እየተያዘ ነው። ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል፤ ይገባልም።

ነገሩ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ቡና ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ስለሆነ፣ መንግሥታት ምርጡን ወደብ ለማድረስ ሲሉ የአገር ውስጡን ገበያ ሲያጠቡት ኖረዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 602 ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። በዚያው ሰሞን ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡናውን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ ያገበያይ ስለነበር፣ የአንዱ ገበሬ ቡና ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ይጠፋ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 አሠራሩን ሲያላላው፣ ቡናው ከየትኛው ቀበሌና ከማን ማሳ እንደመጣ ተከታትሎ ማወቅ ቀለለ። በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ180 ዶላር በላይ ተሸጠ። ባሕር ማዶ ያለው ጠጪ ዛሬ በከረጢቱ ላይ የገበሬውን ስም ያነባል። የአዲስ አበባው ጠጪ ግን «የይርጋጨፌ ነው»፣ «የጅማ ነው» ከሚለው የባለሱቅ ቃል በቀር የሚይዘው ማስረጃ የለውም።

ከምርጡ የተረፈው ቡና ጥቁር ፍሬ፣ የነቀዘ፣ የተሰበረ፣ ሳይቀላ የተለቀመና ሲደርቅ የሻገተ ይበዛበታል። ይህን ጉድለት ለመሸፈን ቀላሉ ዘዴ አጥቁሮ መቁላት ነው። ጥሬ ቡና ሙቀቱ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በውስጡ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፤ ብረት ምጣዱ ላይ መንጣጣት ይጀምራል። የቡናው ዕጣ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። መንጣጣቱ ጋብ እንዳለ ቢወርድ፣ ቡናው ያደገበት ደጋ፣ የታጠበበት ወይም በጀንፈሉ የደረቀበት መንገድ የሰጠው ቃና ሁሉ አብሮት ይቀራል፤ አበባ አበባ የሚለው የይርጋጨፌ ጠረንም፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚለው የሐረር ጣዕምም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ 225 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ለሁለተኛ ጊዜ ሲንጣጣ ግን ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ፍሬው ማብረቅረቅ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀመሰው የእሳቱ ሥራ ነው። ምርጡና ተራው ቡና አንድ ዓይነት ምሬት ይይዛሉ፤ ምሬቱን ለማባበልም ስኳር ይደረብበታል። አጥቁሮ መቁላት ልማድ በሆነበት ገበያ ጥሩ ቡና የሚያቀርብ ሰው የሚያገኘው ትርፍ የለም፤ ልዩነቱን የሚቀምስለት የለምና።

ደግነቱ ከዚህ ለመውጣት ከባዶ አንነሣም። የዓለም የቡና ባለሙያዎች ዛሬ እንደ አዲስ የሚያስተምሩት ብዙው ነገር በቤታችን የኖረ ነው። ቡናውን በጥሬው መግዛት፣ በሰፌድ ዘርግቶ መልቀም፣ አጥቦ መቁላት፣ ለሚጠጣው ያህል ብቻ ወቅጦ ወዲያው ማፍላት የትኛዋም ባለሙያ ሴት የምታውቀው ሥርዓት ነው። ጥሬ ቡና በደረቅ ስፍራ ለወራት ይቀመጣል፤ የተቆላው በሳምንታት፣ የተፈጨው ደግሞ በቀናት ውስጥ ጠረኑን ለአየር ያስረክባል። እናቶቻችን ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው ያውቁታል። የተቆላውን ቡና ከነምጣዱ በየእንግዳው ፊት አዙሮ ማሽተትም የቡና ቀማሽ ጣዕሙን ከመመርመሩ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። የሚቀረን ጥቂት እርማት ነው፤ ቡናውን ማብረቅረቅ ሳይጀምር ማውረድ፣ ትሪ ላይ ዘርግቶ ቶሎ ማቀዝቀዝ፣ ጀበናው አንዴ ገንፈል ካለ በኋላ እሳት ላይ አለማቆየት፣ አተላው እስኪዘቅጥ መታገሥ። ቶናውም በረካውም ከዚያው ከአቦሉ ቡና ስለሚቀዱ፣ በመጀመሪያው ላይ የተደረገ ጥንቃቄ እስከ መጨረሻው ስኒ ይዘልቃል። የሚያሳስበው የከተማ ኑሮ ይህንኑ ሥርዓት እያስጣለ ወደተፈጨ ቡና መውሰዱ ነው። በተፈጨ ቡና ውስጥ ፍሬው አይታይም፤ ገብስ ቢቀላቀልበት እንኳ ማን ያውቃል?

ትንንሾቹ ካፌዎች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ቤት ያልያዘውን ሁለት ነገር ይይዛሉ፤ ልክንና ስምን። ለአንድ ሊትር ውኃ ከ55 እስከ 60 ግራም ቡና መዝኖ፣ ደንበኛው ሲያዝ ፈጭቶ የሚያፈላ ቤት የዛሬውን ጣዕም ነገም ይደግመዋል። የቡናውን ወረዳ፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑንና የተቆላበትን ቀን የሚናገር ቤት ደግሞ ደንበኛውን ያስተምራል። ራሱ ቆልቶ የሚሸጥ ቤት ትውልድ የሚሻገር ደንበኛ እንደሚያፈራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በአዲስ አበባ ፒያሳ የተከፈተውን ቶሞካን ቆመው የሚጠጡ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲሞሉት ኖረዋል። ከሁሉም ትንሿ ካፌ ደግሞ የመንገድ ዳሯ ጀበና ቡና ናት። ባለቤቷ ቡናውን ራሷ ትመርጣለች፣ ራሷ ትቆላለች፣ ጠጪዋን በስም ታውቃለች። የተሻለ ጥሬ ቡና ብታገኝና ደንበኞቿ ቡናው ከየት እንደመጣ ቢጠይቋት፣ ጥሩ ቡናን ወደ ሕዝቡ ለማድረስ እሷን የሚቀድም የለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የውጭ ምንዛሪው ነው። ምርጡን እዚህ ከጠጣነው መድኃኒትና ነዳጅ በምን ይገዛል የሚል ጥያቄ ቀላል አይደለም። የብራዚል ልምድ ግን ሌላ ያሳያል። የዚያች አገር ሰውም ለረጅም ጊዜ ከተላከው የተረፈውን፣ ብዙ ጊዜም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ቡና ሲጠጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የአገሪቱ ቡና ቆዪዎች ማኅበር ንጹሕ ቡና መሆኑ ለተረጋገጠ ምርት ማኅተም መስጠት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 8 ሚሊዮን ኬሻ የነበረው የአገር ውስጥ ፍጆታ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 19 ሚሊዮን ኬሻ አደገ። ብራዚል ግን በዓለም የቡና ላኪዎች ቀዳሚነቷን አላጣችም፤ የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድርም እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው እዚያው ነው። አስተዋይ ጠጪ በአገር ቤት ሲኖር ገበሬው ለጥሩ ቡናው ሁለተኛ ገዢ ያገኛል፤ የዓለም ዋጋ ሲወድቅም መጠጊያ ይሆነዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ኑሮ በተወደደበት ዘመን ጥሩ ቡና ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ስሌቱን እንየው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ 15 እስከ 20 በመቶ ያጣል፤ የቀረው ለአንድ ስኒ 10 ግራም ቢታሰብ 80 ስኒ ያህል ይወጣዋል። የተሻለው ቡና በኪሎ 200 ብር ቢጨምር እንኳ በስኒ የሚደርሰው 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ቶናና በረካው ሲታከሉበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጭማሪው ለማንም አይከብድም ማለት አይደለም፤ ለብዙ ቤት ግን ቡናው ያልመረረ እንደሆነ ከሚተርፈው ስኳር የሚካካስ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከልብ የሚመጣ ነው፤ ቡና የሚጠጣው ለጨዋታው፣ ለጉርብትናው፣ ለምርቃቱ እንጂ ለጣዕሙ አይደለም፣ ሚዛንና ግራም የባዕድ ፋሽን ነው ይላል። ቡና ጎረቤት ካልተጠራበት ቡና አለመሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ለእንግዳ የተሻለውን ማቅረብ የእኛው ወግ ነው፤ ቄጠማ የሚጎዘጎዘውና እጣን የሚጨሰውም ለክብሩ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚጨነቅ ባህል ስኒው ውስጥ ላለው ቢጨነቅ ከራሱ ጋር ይስማማል እንጂ ባዕድ አይሆንም። ጨውም ቅቤም ጤና አዳምም የሚጨምር በወጉ ይጨምር፤ ቡናው ጥሩ ከሆነ እነዚህም ያምሩበታል።

ስለዚህ መንግሥት ለአገር ውስጥ ገበያ የሚቀርበውን ቡና እንደ ተረፈ ምርት ማየቱን ይተው፤ የተፈጨ ቡና የሚሸጡ ድርጅቶችም የቡናውን መገኛና የተቆላበትን ቀን በማሸጊያው ላይ ያስፍሩ። አንባቢ ሆይ፣ ዋናው ሥራ ግን የአንተና የአንቺ ነው። ቡና ስትገዙ ከየት አካባቢ እንደመጣ፣ የየትኛው ዓመት ምርት እንደሆነ፣ ከተቆላም መቼ እንደተቆላ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሻጭ ነገ መልስ ይዞ እንዲጠብቃችሁ፣ ዛሬ መልስ ካለው ግዙ።