ትንሹን ነገር በቅርብ ለማንሣት ምን እንግዛ?

አበው «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ። ፎቶግራፍ የማንሣት ፍቅር ያደረበት ሰውም እንዲሁ ነው። ተራራውንና ፏፏቴውን፣ ሰልፉንና ሕንፃውን ሲያነሣ ይውልና፣ በደጁ የበቀለችውን አደይ አበባ፣ በእናቱ አንገት ያለውን የብር መስቀል፣ በሣጥን የተቀመጠውን የአባቱን ደብዳቤ ሳያነሣ ይቀራል። አንድ ቀን ትዝ ብሎት ቢነሣም ካሜራው እንቢ ይለዋል። እንቢታውም የሚበረታው በተለይ የርቀት መለኪያ በተገጠመለት፣ ባለሙያዎች ሬንጅፋይንደር በሚሉት ካሜራ ላይ ነው።

እኔም በዚህ ነገር ተቀጥቼበታለሁ። አባታችን ለእናታችን የጻፈላትን ደብዳቤዎች ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ላካፍል ብዬ፣ በአሮጌው ካሜራዬ ላይ አንዲት ማቅረቢያ ሌንስ ገጠምሁና ወረቀቶቹን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ርቀቱን በዐይኔ ገምቼ አነሣኋቸው። በመስኮቱ ሳይ ገጹ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግን ከየገጹ ራስ ሁለት ሦስት መስመር የለም፤ ቀኑና ሰላምታው ተቆርጦ ቀርቷል፤ የተረፈውም ጽሕፈት ደብዝዟል። «ግድ የለም፣ ሌላ ቀን እደግመዋለሁ» ብዬ ስዘገይ ክረምቱ ገባ፤ ጣራው አፈሰሰ፤ በሣጥኑ ያለው ወረቀት ሁሉ ራሰና ቀለሙ ታጠበ። አባታችን እናታችንን በደብዳቤው ራስ ላይ በምን ስም ይጠራት እንደ ነበር፣ እነሆ እስከ ዛሬ ለእኅቶቼ ላነብላቸው አልቻልሁም።

ጥፋቱ የእኔ አለማወቅ ነው እንጂ የካሜራው አልነበረም። በዚህ ዓይነቱ ካሜራ ሰው የሚያየው በሌንሱ በኩል ሳይሆን ከሌንሱ በላይና በጎን ባለች ትንሽ መስኮት ነው። የሚነሣው ነገር ሩቅ ሲሆን የሁለቱ ልዩነት አይታወቅም፤ ሲቀርብ ግን መስኮቷ አንዱን፣ ሌንሱ ሌላውን ያያል። ይህንን ፓራላክስ ይሉታል። ከዚህም በላይ ርቀት መለኪያው ራሱ ወሰን አለው። አብዛኞቹ ነባር የላይካ ኤም 50 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ከ70 ሳንቲ ሜትር ወዲህ አይቀርቡም። በዚያም ርቀት ፊልሙ የሚይዘው ስፍራ 27 በ41 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ አንዲት አደይ አበባ በመካከሉ እንደ ነጥብ ሆና ትታያለች።

ፋብሪካዎቹም ይህን ድካም አላጡትም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 የላይካ ፋብሪካ «ዱዋል ሬንጅ» የተባለውን 50 ሚሊ ሜትር ሱሚክሮን አወጣ፤ ይህም በካሜራው መስኮቶች ፊት መነጽር ሲደረግለት እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቀርባል። በዚያው ዓመት ኒኮን ለሬንጅፋይንደር ካሜራው ማይክሮ ኒኮርን ሠራ፤ ምክንያቱም ጭረቱ የበዛው የጃፓን ጽሕፈት በማይክሮፊልም ሲቀዳ እንዳይደበዝዝ ነው። በ2003 ደግሞ ላይካ 90 ሚሊ ሜትር ማክሮ ኤልማርን አቀረበ፤ ይኸውም ከማገናኛውና ከመነጽሩ ጋራ ሲሆን ዕቃውን በፊልሙ ላይ በሲሶ መጠኑ ያሳርፈዋል።

ታዲያ ምን እንግዛ? ብዙ ሰው ገንዘቡን ቀዳዳው ሰፊ በሆነ ውድ ሌንስ ላይ ያፈስሳል። ለዚህ ሥራ ግን ከንቱ ወጪ ነው እላለሁ። በጣም ሲቀርቡ ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል እጅግ ቀጭን ነው፤ ዕቃው በፊልሙ ላይ በራሱ ልክ ካረፈ፣ ቀዳዳው እስከ 16 ቢጠብም እንኳ የሚጠራው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እስከ 1.4 የሚከፈተው ሌንስ ለዚህ ሥራ ሁልጊዜ ጠብቦ መዋል አለበት። ብርሃኑም ያንሳል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በማራዘሚያ ቀለበት ዕቃውን በራሱ ልክ እንዲያነሣ ከተለመደው ስፍራው ሌላ 50 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት መራቅ ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ወደ ፊልሙ የሚደርሰው ብርሃን ሩቡ ብቻ ስለ ሆነ አራት እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል። ለዚህን ያህል ጊዜ እጅ ጸንቶ አይቆምም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ግዢ ሌንስ ሳይሆን፣ ጠንካራ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ካሜራውን በእጅ ሳይጫኑ የሚያስነሡበት ገመድ ነው። ሁለተኛው ርቀትን የሚወስን ነገር ነው፤ ይህ እንኳ ግዢ አያስፈልገውም። ፊልም ሳይገባ የካሜራውን ጀርባ ከፍቶ፣ በፊልሙ ስፍራ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ወጥሮ፣ መዝጊያውን እንደ ተከፈተ ማቆየት ነው። ምስሉ በወረቀቱ ላይ ሲጠራ ርቀቱን በሸምበቆ ለክቶ መቁረጥ፣ ምስሉ የያዘውንም አራት ማዕዘን በጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ማስመር ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚታመነው ሸምበቆው እንጂ መስኮቷ አይደለችም። ሦስተኛው ማቅረቢያ ሌንስ ነው፤ ካሜራው ለሩቅ ተስተካክሎ ሳለ +2 የተባለው በ50 ሳንቲ ሜትር፣ +3 የተባለው በ33 ሳንቲ ሜትር ላይ ያጠራል። ለማይንቀሳቀስ ወረቀት ይህ ርካሽ መሣሪያ ይበቃል።

ለአበባ ግን ከ50 ይልቅ 90 ሚሊ ሜትር ሌንስ እመርጣለሁ፤ ያንኑ መጠን ለማግኘት እጥፍ ገደማ ርቆ ስለሚቆም የካሜራው ጥላ በአበባው ላይ አይወድቅም። በአበባው ላይ ላረፈችው ንብ ሬንጅፋይንደር አይሆንም፤ ንብ ሸምበቆ እስኪለካ አትጠብቅም። ለርሷ በሌንሱ በኩል የሚያሳይ ባለ መስተዋት ካሜራ፣ ወይም ምስሉን በጀርባው ሰሌዳ የሚያሳይ ዲጂታል ይሻላል፤ ላይካም በ2012 ይፋ ካደረገው ኤም ጀምሮ እንዲህ ያለ ሬንጅፋይንደር ሠርቷል። ቀድሞ የፊልሙን ካሜራ ወደ ባለ መስተዋት የሚለውጥ ቪዞፍሌክስ የተባለ ሣጥን ነበር። ዛሬ አዲስ ሆኖ በዚሁ ስም የሚሸጠው ኤሌክትሮኒክ ማያ ነውና ገዢ ይጠንቀቅ።

«በኪሳችን ያለው ስልክ ይህን ሁሉ ያለ ሸምበቆ ያነሣ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ሊጠፋ የተቃረበ ወረቀት ያለው ሰው በሸምበቆ ለክቶ እስኪጨርስ አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ በስልኩ ያንሣው። የአባቱን ካሜራ የወረሰና በፊልም መሥራት የሚወድ ሰው ግን፣ መሣሪያውን «ለቅርብ አይሆንም» ብሎ በመሳቢያ አይቅበረው። ድካሙን ካወቁለትና ከለኩለት ይታዘዛል።

ውድ አንባቢዎች፣ ከሌንስ ሻጩ ዘንድ ከመሄዳችሁ አስቀድሞ ሣጥናችሁን ክፈቱ። ማዳን የምትሹት ነገር ወረቀት ነውን፣ መስቀል ነውን፣ አበባ ነውን? መልሱ የሚገዛውን ዕቃ ይነግራችኋል። ወረቀት ከሆነ ግን ክረምት ሳይገባ ፈጽሙት።