ልሽጣት ወይስ ላሠራት?

‹‹ጋሼ፣ ለዚች ልጅ አንድ ነገር ይወስኑላት›› አለኝ መካኒኬ፣ በዘይት የጠቆረ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ሐኪም በሆስፒታል በረንዳ ላይ አስታማሚን ሲያናግር በሚጠቀምበት ዝግ ያለ ድምፅ ነው የነገረኝ። ‹‹ልጅ›› የሚላት ቶዮታ ዲኤክሴን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1982 ሥሪት ናት። እሱ ሲወለድ እሷ መንገድ ላይ ነበረች!

የበሽታዋን ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት ስትነሣ የምትለቀው ሰማያዊ ጭስ የግቢያችንን ሰው ‹‹ዛሬ ደግሞ የምን ዕጣን ነው?›› ማሰኘት ከጀመረ ቆይቷል። በሳምንት አንድ ሊትር ዘይት ትጠጣለች። ዳገት ላይ ጉልበት የላትም። በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስንወጣ ሚኒባሶቹ ክላክሳቸውን እያንባረቁ ያልፉናል፤ ረዳቶቹም አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው የማይጻፍ ነገር ይሉናል።

መካኒኬ በየሲሊንደሩ ኮምፕረሽን ለካ። ሦስተኛው ወርዷል። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ሲለካ ግፊቱ ከፍ አለ። ‹‹አዩ ጋሼ? ችግሩ ቫልቩ ጋ ቢሆን ዘይቱ ይህን ያህል አይለውጠውም ነበር። ፋሻ ነው። ሲሊንደሩም ተበልቷል።›› ስለዚህ ሞተር ይወርዳል፣ ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ይገባል፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ኩሽኔት፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይገዛል… ስንት ይፈጃል? ‹‹ከ100,000 ብር አያንስም፤ ግን ወደ 130,000 ያስቡት።›› ይኸ የሞተሩ ብቻ ነው። የፍሬን ማስተሩ ማንጠባጠቡን የነገረኝ ልወጣ ስል በሩ ላይ ነው፤ ቀለል አድርጎ፣ እንደ ምርቃት።

መኪናዋን በ1992 ዓ.ም. የገዛኋት በ52,000 ብር ነው። እንግዲህ የሞተር ማሠሪያዋ ከመግዣዋ እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ድሮ ቢሆን ይኸ ሒሳብ ያለቀለት ነበር። ‹‹ሽጣትና ተገላገል!›› ይላል ማንም ሰው። ባለቤቴም ያለችው ይኸንኑ ነው። ደላላውም እንዲሁ። ደላላው ግን አንድ ነገር ጨመረ፦ ‹‹ጋሼ፣ 600,000 ብር በኪስዎ ይግባ።››

ጉድ እኮ ነው! አርጅታ፣ አጭሳ፣ ፍሬኗ አንጠባጥቦ፣ ከገዛኋት ዋጋ አሥራ አንድ እጥፍ! የት አገር ነው መኪና ባረጀ ቁጥር የሚወደደው?

እስቲ ግን ሳንቸኩል እናስላው። በ1992 አንድ የአሜሪካ ዶላር 8 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ ያኔ የከፈልኩት 6,500 ዶላር ያህል ነው። ዛሬ ዶላር በባንክ ከ130 ብር በላይ ስለሆነ ደላላው የጠራው 600,000 ብር 4,700 ዶላር እንኳ አይሞላም። አልተወደደችም፤ ብሩ ነው የወረደው። እንዲያም ሆኖ ከሃያ ዓመታት በላይ ልጆች አመላልሳ፣ ሙሽራ አጅባ፣ ሬሳ ሸኝታ ያጣችው ዋጋ ሲሶ ገደማ ነው። በባንክ ያስቀመጥኳት ገንዘብ እንዲህ አልታመነችልኝም። ባንኩ ለዓመታት የከፈለኝ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሸጬ ገንዘቡን ባንክ ባስቀምጠው እንግዲህ ምን እንደሚተርፈኝ አንባቢ ራሱ ይገምት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የኔና የመካኒኬ ጉዳይ ብቻ መሆኑ የሚያበቃው። ‹‹ላሠራት ወይስ ልሽጣት›› ብሎ የሚጨነቅ ሰው ሦስተኛ መንገድ ሊኖረው ይገባል፦ ሸጦ፣ ጥቂት ጨምሮ፣ ትንሽ የተሻለችውን መግዛት። የዓለም ሕዝብ የሚያደርገው ይኸን ነው። በዚህ አገር ያቺ መንገድ በተከታታይ ተዘጋች። በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አርጅተው በሚገቡ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጫነ። ምክንያቱ ‹‹አሮጌ መኪና ይበክላል፣ አደጋ ያደርሳል›› የሚል ነበር። ምክንያቱ ውሸት ነው አልልም፤ የኔዋ ራሷ ምስክር ናት! በጥር 2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ጨርሶ እንዳይገባ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብሩ በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ።

ታዲያ ምን ሆነ? ‹‹አሮጌ አይግባ›› ሲባል የገባው አሮጌ ወርቅ ሆነ። ሶማሌ ተራ ተገነጣጥሎ ሊሸጥ ይገባው የነበረው ሁሉ ተለሳልሶ፣ ስቱኮ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ወደ አስፋልት ተመለሰ። መንግሥት አሮጌ መኪና ጠላሁ ባለ ቁጥር አሮጌ መኪና ዕድሜው ይረዝማል። የአዋጁ አርቃቂዎች ደላላ ጎረቤት ቢኖራቸው ኖሮ ይኸን ቀድሞ ይነግራቸው ነበር።

‹‹ኤሌክትሪክ ግዛ›› የሚለኝ አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ለኤሌክትሪክ መኪና ኤክሳይሱም ተጨማሪ እሴት ታክሱም ተነሥቶለት ነበር፤ ተገጣጥማ የምትገባው የምትከፍለው የጉምሩክ ቀረጥም 15 በመቶ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ አንዷን ይዞ ሲገባና ሲወጣ ድምፅ የላትም፤ ድመት ናት። አልቀናሁም ብል ዋሸሁ። ግን የኔ ዲኤክስ ተሽጣ የእሷን ግማሽ ዋጋ አትሞላም። ጡረተኛ ነኝ፤ ለጡረተኛ የመኪና ብድር የሚሰጥ ባንክ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።

ቤንዚኑም ቢሆን ምሕረት የለውም። የታለመ ድጎማ ተብሎ የግል መኪና ከድጎማው ሲወጣ፣ በ2014 ክረምት መግቢያ ላይ፣ ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ፤ በ2017 ከ100 ብር አለፈ። የኔዋ ደግሞ በጤናዋ ጊዜ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የምትሄደው ዛሬ ከ9 አታልፍም። ጭሱ ሰማይ ላይ የሚወጣ ብሬ ነው።

በዚህ መሐል ደላላው ገዢ አመጣ። ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት የሚሆነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ገንዘቡ የእኅቱ ነው፤ ቤይሩት የሰው ቤት እየሠራች ስምንት ዓመት ያጠራቀመችው። መኪና ገዝቶ ሰው እያመላለሰ ሊሠራባት ነው ሐሳቡ። ደላላው አስቀድሞ ጆሮዬ ላይ የነገረኝን ላካፍላችሁ፦ ‹‹ጋሼ፣ ከመምጣታችን በፊት ሞተሩን ያሙቁት። ወፍራም ዘይት ይጨምሩበት። ጭሱ ለጥቂት ቀን ይሰወራል።›› ዘይቱን አልጨመርኩም። ሞተሩን ግን አሞቅሁት። እውነቱን ከተናገርን ሁሉንም እንናገር።

ልጁ ዞር ዞር ብሎ አያት። ኮፈኗን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ‹‹ጋሼ፣ እንደ አባት ይንገሩኝ፤ ሞተሯ ጤነኛ ነው?›› አለኝ።

ደላላው ቀድሞኝ ‹‹ጤነኛ ነው እንጂ! የሽማግሌ መኪና እኮ ናት፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ነው!›› አለ። እኔ ዝም አልኩ። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ረጅም ነበር። በዚያች ዝምታ ውስጥ 600,000 ብሩን በሐሳቤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ ጣራ አስለውጬበታለሁ፤ የባለቤቴን የዐይን ሕክምና ከፍዬበታለሁ። ከዚያ ነገርኩት። ፋሻውንም፣ ሲሊንደሩንም፣ የፍሬን ማስተሩንም።

ደላላው እንዳልሰማ ወደ ሰማይ አየ። የገረመኝ ግን የልጁ መልስ ነው። ‹‹እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንግዲያው በ500 ይስጡኝ›› አለ። ‹‹መቼ ታሠራታለህ?›› ብለው ‹‹ሠርቼ ገንዘብ ሳገኝ ነዋ›› አለኝ። ፍሬኑንስ? ‹‹እሱንም ቀስ እያልኩ።›› ሰው ጭኖ ማለት ነው፤ ዘይት በሚያንጠባጥብ ፍሬን፣ በእንጦጦና በሽሮ ሜዳ ቁልቁለት!

አልሸጥም አልኩት። ተቆጣኝ። ‹‹በዚህ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ የት አገኛለሁ?›› አለ። እውነቱን ነው፤ አያገኝም። የነገርኩት እውነት ምንም አልጠቀመው፤ ምርጫ ለሌለው ሰው እውነት ምን ያደርግለታል? በሌላ አገር ቢሆን እንዲህ ያለች መኪና እንደሆነች ስለተነገረው አመስግኖ ወደሚቀጥለው ሻጭ ይሄድ ነበር። እኛ ጋ የሚቀጥለው ሻጭ ሞተሩን አሙቆ፣ ወፍራም ዘይት ጨምሮ የሚጠብቀው ነው።

‹‹ዓመታዊ ምርመራው ይይዘዋል›› ትሉ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ቦሎ ላወጣ ስሟን የማልጠራት አንዲት የምርመራ ጣቢያ ወስጃት ነበር። ያኔም ታጨስ ነበር። መርማሪው መብራቱን አየ፣ ክላክሱን አስጮኸ፣ ፍራሽ እንደሚመርጥ ሰው ጎማዋን በጫማው ገፋ ገፋ አደረገ፤ አለቀ። አለፈች! ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ዛሬ ግን ያ ልጅ ስምንት ዓመት የተጠራቀመ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ያ ተለጣፊ ወረቀት በመስታወቷ ላይ ‹‹ጤነኛ ናት›› እያለ ይመሰክርልኝ ነበር።

አሮጌ መኪና ከመንገድ ይውጣ የሚል ሹም በመጀመሪያ ፍሬን ይመርምርልን። ፍሬን እውነተኛ ምርመራ ካለ ለመሥራት የሚከብድ ነገር አይደለም፤ ገዳይነቱ ግን ከጭሱ ይቀድማል። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ማስተር፣ ጎማ ሲገቡ ቀረጣቸው ቢቀንስ የመንግሥት ካዝና አይራቆትም። ከዚያ ወዲያ ‹‹አሮጌህን አስረክብ፣ ዋጋዋ ለአዲሱ ቅድሚያ ክፍያ ይያዝልሃል›› የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የምሰለፈው እኔ ነኝ። እስካሁን እንዲህ ያለ ሰልፍ አላየሁም፤ ለነዳጅ የተሰለፍኩትን ግን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

እኔማ ወሰንኩ፤ አሠራታለሁ። ለፍቅር ብዬ አይደለም (ትንሽም ለፍቅር ነው፣ ባለቤቴ እንዳትሰማኝ)። ይቺ ሞተር ዘሯ በፈረንጅ 1966 ከመጀመሪያዋ ኮሮላ ጋር የመጣ ነው። ኮምፒዩተር የላትም፣ የሚበጠስ የታይሚንግ ቀበቶ የላትም፣ በሰንሰለት ነው የምትዞረው። ካርቡራቶሯን መርካቶ ውስጥ ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈታ ሰው ሞልቷል። በደንብ ከተሠራች ብዙ ዓመት ትሄዳለች። አሠርቼ ስጨርስ እጄ ላይ የምትቀረው ደኅናዋን የማውቃት መኪና ናት፤ በምሸጣት ገንዘብ የምገዛት ግን ሌላ ሰው ሞተሯን ያሞቀልኝ ናት። ሒሳቤ ይኸው ነው።

የሬቲፊካውን ቀብድ ከፍያለሁ። ፍሬኑ በቅድሚያ ተሠርቷል፤ መካኒኬ ‹‹ቆማ የምትውል መኪና ፍሬን ምን ያደርግላታል?›› ብሎ ስቆብኝ ነበር። ፋሻ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄጄ አንዱ ባለሱቅ ‹‹ኦርጅናል ጃፓን ነው!›› ብሎ ያሳየኝን ካርቶን መነጽሬን አድርጌ ሳየው ‹‹ቶዮታ›› የሚለው ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ሌላ ሱቅ ሄድኩ። እዚያኛው ሙሉ ነው፣ ዋጋውም ሙሉ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስልክ ተደወለ። ልጁ ነው።

‹‹ጋሼ፣ ተሠርታ አለቀች?››

‹‹ገና ናት። አልሸጣትም አላልኩህም እንዴ?››

‹‹አሁን አይደለም ጋሼ፤ ምናልባት ሲሰለችዎት ብዬ ነው።››

እኅቱ ደኅና መሆኗን ጠየቅሁት። ደኅና ናት አለኝ፤ ውሏን ለሁለት ዓመት አራዝማለች። ስልኩን በወረቀት ጻፍኩና ሊብሬው ውስጥ ከተትኩት።