አጤሬራ ይዞ ንጉሥ መሆን

በዘንድሮው ዓመት በማደሪያ ቤቶቻችን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ወረቀት አለ፤ ያላየው ተማሪ ጥቂት ነው። «ሲቪላይዜሽን» የሚባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ፣ ይልቁንም አምስተኛውን፣ የሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ተራ እስከ መቶኛው ተራ ድረስ የሚያደርገውን በሠላሳ አንድ መስመር ይደነግጋል። በፊት ቃኚ፣ ቀጥሎ ሐውልት፣ ከዚያ ሰፋሪ፤ ከተማ አራት፣ ከአራት አይብለጥ፤ በየከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ ብሔራዊ ኮሌጅ፤ እያለ እስከ ጀርባው ይወርዳል። ጸሐፊው አይታወቅም። ከዩቱብ ፊልሞች የተቀዳ ለመሆኑ ግን አነጋገሩ ራሱ ይመሰክራል።

እስከዚህ ድረስ የሚያስቆጣ ነገር የለም። አጤሬራ በዚህ ግቢ አዲስ አይደለም። የሚያስቆጣው የጨዋታውን ክበብ የሚመሩት ወንድሞቻችን ይህንኑ ወረቀት የአዲስ ገቢዎች ማስተማሪያ ለማድረግ መወሰናቸው ነው። የክበቡ ኮምፒዩተሮች ስድስት ናቸው፤ ወረፋ ጠባቂው ብዙ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን በቃሉ ያልያዘ ወንበር አያገኝም፤ ይዞም ከወረቀቱ ፈቀቅ ያለ ለሚቀጥለው ይልቀቅ ተብሏል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ አምስተኛ ከተማ ልትቆረቁር ስትል «ተሳስተሻል፣ ተነሺ» ተብላ ተነሥታለች። በምን ተሳሳተች? ብለን ብንጠይቅ «አራት ነዋ!» ከማለት በቀር መልስ የሰጠን የለም። ጠባችን ከዚህ መልስ ጋር ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ መምህሮቻችን ባጭሩ እንንገር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ሲድ ማየርና ብሩስ ሼሊ ማይክሮፕሮዝ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሆነው በ1991 አወጡት። ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት ሰፋሪ ይዞ ይነሣል፤ ከተማ ይቆረቁራል፣ ያርሳል፣ ይማራል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል፤ እርሱ ሲጨርስ ጎረቤቶቹ ተራቸውን ይወስዳሉ። በእጁ ያለው እህል፣ ጉልበት፣ ወርቅና ዕውቀት ለሁሉ አይበቃም። ቤተ መጻሕፍት የጀመረች ከተማ በዚያው ተራ ጦረኛ አታወጣም። አንዱን መያዝ ሌላውን መተው ነው፤ የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን በአንደኛው ዓመት የሚያስተምሩን ይኸንኑ ነው። ልዩነቱ እዚህ የተውነው ነገር ከሠላሳ ተራ በኋላ ጦር ይዞ በራችን ላይ መቆሙ ነው።

እንግዲህ ይህ «አራት» የተባለው ቁጥር ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። በ2010 በወጣው በአምስተኛው ሲቪላይዜሽን የሕዝብ ደስታ የሚቆጠረው ለመላው ግዛት በአንድ ቋት ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ከተማ ከቋቱ ሦስት፣ እያንዳንዱ ነዋሪ ደግሞ አንድ ይቀንሳል። «ትውፊት» የተባለውን የአገዛዝ መንገድ ለመረጠ ሰው በነጻ የሚሰጡት የባህል ቤቶችና የውኃ ቦዮች ለመጀመሪያዎቹ አራት ከተሞች ብቻ ናቸው። ብሔራዊ ኮሌጅ ለመሥራት በየከተማው ቤተ መጻሕፍት መቆም አለበትና ከተማ በበዛ ቁጥር ኮሌጁ ይዘገያል። በ2013 የመጣው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ በመደበኛው ካርታ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ከተማ የዕውቀትን ዋጋ በመቶ 5 እንዲያስወድድ አደረገ። እነዚህ ሲደመሩ አራት ከተማ ብዙ ጊዜ ጥሩ ቁጥር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ነው ያልነው።

አሁን ወደ ተነሣችው ልጅ እንመለስ። ልትቆረቁርበት ያሰበችው ስፍራ በግዛቷ የሌለ ሐር የሚገኝበት ነበር። አዲስ የቅንጦት ዕቃ ለቋቱ አራት ደስታ ይሰጣል፤ ከተማዋ ሦስት ትወስዳለች። ብሔራዊ ኮሌጇንም ቀድማ ጨርሳ ነበርና ኮሌጁ ይዘገያል የሚለው ምክንያት በእርሷ ላይ አይሠራም። የቀረው የዕውቀቱ በመቶ 5 እና የአዲሶቹ ነዋሪዎች ቅሬታ ነው። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ሊያከራክር ይችላል፤ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚከራከር ቢገኝ ኖሮ ሁሉም ከዚያ ወንበር ዙሪያ ተምሮ ይሄድ ነበር። በክርክሩ ፈንታ ልጅቱ ተነሣች፣ ወረቀቱም ተቀመጠ።

ይህ የአንድ ምሽት ቅያሜ ቢሆን ኖሮ አንጽፍም ነበር። ነገር ግን ያው ወረቀት ወደ ስድስተኛው ሲቪላይዜሽን ሲሄድ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። በ2016 የወጣው ይህ ጨዋታ ለመላው ግዛት የነበረውን የደስታ ቋት አፍርሶ ለየከተማው ከፋፈለው። በመቶ 5 የምትለዋ ቅጣትም ቀረች። የከተማው ሥራ በየራሳቸው መሬት በሚቆሙ ክፍለ ከተሞች ተከፈለ (የእኛን ቀበሌ አያሳስባችሁ፤ የጨዋታው ቃል ነው)። ከነዚህም አብዛኞቹ በነዋሪ ቁጥር የተወሰኑ ናቸው፤ አንድ ነዋሪ ለአንዱ ይበቃል፣ ለሁለተኛው አራት፣ ለሦስተኛው ሰባት ነዋሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥቂት ግዙፍ ከተማ ከመያዝ ብዙ መካከለኛ ከተማ መያዝ ያዋጣል። ሰፋሪም ዋጋው ተለውጧል፤ በአምስተኛው ሰፋሪ የምትሠራ ከተማ እስክትጨርስ ማደግዋን ታቆማለች፣ በስድስተኛው ግን ሰፋሪው ሲወጣ ከነዋሪዎቿ አንዱን ይዞ ይሄዳል። «ከተማ አራት፣ ከአራት አይብለጥ» ብሎ የሸመደደ ሰው እዚህ ሲገባ ጎረቤቱ ዘጠኝ ከተማ ይዞ ይጠብቀዋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው፣ ሠላሳ አንዱ መስመር አንዱም አያድነውም።

ነገሩ በአገራችን ስም ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ኢትዮጵያ በአምስተኛው ሲቪላይዜሽን በ2012 ስትገባ መሪዋ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ «የዓድዋ መንፈስ» በተባለው ጠባይዋ በከተማ ብዛት ከሚበልጣት ጠላት ጋር ስትዋጋ የጦሯ ጉልበት በመቶ 20 ይጨምራል። ይህ ጥቂት ከተማ የያዘውን ይጠቅማል። በስድስተኛው በ2020 ስትገባ ግን መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ ሆኑ፤ በኮረብታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞቿ ከእምነት ገቢያቸው በመቶ 15 የሚያህል ዕውቀትና ባህል ያገኛሉ። ይህ ደግሞ ኮረብታ እየፈለጉ ከተማ ማብዛትን ይጠቅማል። አንድ አገር፣ ሁለት ተቃራኒ ምክር! የጨዋታው ሠሪዎች ታሪካችንን በትክክል ሥለውታል ወይ የሚለውን ለሌላ እትም እናቆየው፤ አከራካሪ ነው፣ ወረቀትም አልበቃንም።

ወረቀቱ የዕውቀትንም ቅደም ተከተል ይወስናል፦ በፊት ሸክላ፣ ቀጥሎ ጽሕፈት፣ እያለ። በስድስተኛው ግን «ዩሬካ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ተጫዋቹ በሥራ ያደረገው ነገር የትምህርቱን ዋጋ ይቀንስለታል። ሌላ ሕዝብ ያገኘ ሰው ጽሕፈትን፣ በባሕር ዳር የቆረቆረ መርከብን፣ በወንጭፍ ጠላት የገደለ ቀስትን ሲማር ከ2018 ወዲህ ባለው ደንብ በመቶ 40 ይቀልለታል። ታዲያ ቃኚያችን በስምንተኛው ተራ ጎረቤት ያገኝ ወይም አያገኝ እንደሆን ወረቀቱ እንዴት ያውቃል? ተጫዋቹ ግን ዓይን አለው። በ2025 ሰባተኛው ሲወጣ ደግሞ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ሌላ ሕዝብ እንዲመረጥ አድርጎ መጣ፤ ለዚህ ወረቀቱ መስመር እንኳ የለውም።

የክበቡ ወንድሞቻችን ሁለት መከላከያ አላቸው። አንደኛው «የአውሮፓ ቼዝ ተጫዋቾችም መክፈቻ ያጠናሉ» የሚል ነው። ያጠናሉ፤ ነገር ግን ቼዝ ሁልጊዜ በዚያው በ64 ቤት ላይ ነው፣ የዚህ ጨዋታ ካርታ ግን በየጊዜው አዲስ ነው። ደግሞስ ምሳሌ ፍለጋ አውሮፓ ድረስ ምን አስኬደን? የአባቶቻችን ሰንጠረዥ አለልን። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባለው ክፍል ተራ የለውም፤ የመጀመሪያው መግደል እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ሳይጠባበቁ ጭፍራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። በዚህ ጊዜ ጥሩ ተጫዋች ዓይኑን በራሱ ጭፍራ ላይ አያሳርፍም፤ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለዋውጣል። ይህ በቃል ሊጠና አይችልም።

ሁለተኛው መከላከያ «ወረቀቱ ያሸንፋል» የሚል ነው። አዎን፣ ያሸንፋል፤ በ«ልዑል» ደረጃ። ደረጃዎቹ ከ«ሰፋሪ» እስከ «አምላክ» ስምንት ናቸው፤ ልዑል አራተኛው ነው። ከዚያ በላይ ሲወጡ ኮምፒዩተሩ ይበልጥ ብልህ የሚሆን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይሆንም፤ ድጎማ ይጨመርለታል እንጂ። በስድስተኛው በአምላክ ደረጃ እኛ በአንድ ሰፋሪ ስንነሣ እርሱ በሦስት ይነሣል። በድጎማ የከበረ ባላጋራ የት የት እንደሚያባክን አጥንቶ መድረስ ነው የዚያ ደረጃ ትምህርት፤ ይህን ደግሞ የሚያጠና ሰው ዓይኑን ከወረቀቱ ማንሣት አለበት።

ከኛ ወገን ሆነው «መጽሐፍ ምን ያደርጋል፣ ዝም ብሎ መጫወት ነው» ለሚሉም አንድ ነገር አለን። በ2011 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤም.አይ.ቲ.) ብራናቫንና ሬጂና ባርዚላይ ከለንደኑ ዴቪድ ሲልቨር ጋር ሆነው አንድ ኮምፒዩተር ይህን ዓይነት ጨዋታ እንዲማር አደረጉ። መመሪያ መጽሐፉን ሳያይ ሲጫወት ከመቶው 46 ያህል ጊዜ ያሸንፍ ነበር፤ የሁለተኛውን ሲቪላይዜሽን መመሪያ እያነበበ ሲጫወት 79 ደረሰ። መጽሐፉን ግን አልሸመደደም። በየተራው «አሁን ላለሁበት ሁኔታ ከመጽሐፉ የትኛው ዓረፍተ ነገር ይስማማል?» ብሎ እየመረጠ፣ ምርጫውን በልምምድ ጨዋታ እየፈተነ፣ ያልሠራውን እየጣለ ነው የተማረው። ማሽኑ እንኳ ያነበበውን ይመረምራል። ተማሪው ለምን ይከለከላል?

የተጫወተበትም ጨዋታ «ፍሪሲቭ» የተባለው ነው። ይህን ጨዋታ በ1995 መጨረሻና በ1996 መጀመሪያ ላይ የጀመሩት በዴንማርክ በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሦስት ተማሪዎች ናቸው። ነጻ ነው፣ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሠራል፤ ደንቡ ደግሞ ማንም ከፍቶ ሊያነብ በሚችል ተራ ጽሑፍ ተቀምጧል። የሰፋሪን ዋጋ የሚወስነውን ቁጥር ለውጦ እንደገና ተጫውቶ ማየት ይቻላል። የ«አራት» ምሥጢር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገለጣል።

ስለዚህ ክበቡን የምንጠይቀው ይህን ነው። ወረቀቱ የወንበር መግቢያ መሆኑ ይቅር። በአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ሰው ይቀመጥ፤ አንዱ ይጫወት፣ ሌላው በየውሳኔው «ስለ ምን?» እያለ ይጠይቅ፣ በየ25 ተራው ይለዋወጡ። በስድስት ኮምፒዩተር አሥራ ሁለት ሰው ይማራል፣ ወረፋውም በግማሽ ያጥራል። ጨዋታው በ50ኛው ተራ ይቀመጥና ከዚያ ነጥብ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት መንገድ ይጫወቱት፤ በ100ኛው ተራ ሁለቱ ግዛቶች ጎን ለጎን ይመዘኑ። ይህን ማታለል የሚሉት አሉ። ሽንፈትን ለመደበቅ ወደ ኋላ የሚመለስ ያታልላል፤ ሁለት መንገድ ለማወዳደር የሚመለስ ግን የኬሚስትሪ ተማሪ በላቦራቶሪ የሚሠራውን ነው የሚሠራው። ፍሪሲቭም ቢያንስ በሁለቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ይጫን። ገንዘብ አይጠይቅም።

እስከዚያው ድረስ ሠላሳ አንዱን መስመር በትልቅ ወረቀት ገልብጠን በመመገቢያ አዳራሹ በር አጠገብ ለጥፈናል። በየመስመሩ ትይዩ «ስለ ምን» የሚል ባዶ ቦታ ትተናል፤ እርሳስም በገመድ አስረናል። እስከ ማክሰኞ ማታ አሥራ ዘጠኙ መስመሮች መልስ አግኝተዋል፤ በአራቱ ላይ ሁለት ሁለት የማይስማሙ መልሶች ተጽፈው ሰዎች ቆመው ሲከራከሩባቸው አይተናል። ከባዶዎቹ አንዱ መስመር 17 ነው፤ «በ60ኛው ተራ ከጎረቤት ሁሉ ጋር ታረቅ» ይላል። ከማንም ጋር ያልተጣላ ተጫዋች በ60ኛው ተራ ምን እንደሚያደርግ የክበቡ መሪዎች መጥተው ይጻፉልን።