መዥገር፣ ክትባትና ፈሳሽ ናይትሮጅን

በፊዚክስ ትምህርት ክፍል የተቀመጥን ሰዎች ስለ መዥገር ለመጻፍ መነሣታችን አንዳንድ አንባቢያንን ሳያስገርም አይቀርም። የእንስሳት ሐኪሞችን ሥራ ለመንጠቅ አስበን አይደለም። የመዥገርና የመዥገር ወለድ በሽታዎች ክትባት ታሪክ ባነበብን ቁጥር የምናስተውለው ነገር ስላለ ነው፤ ክትባቱ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ በረቱ ሲጓዝ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በሥነ ሕይወት ሳይሆን በገበያና በሙቀት ምክንያት ነው።

የአገራችን ከብት አርቢ መዥገርን ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም፤ ከላሚቱ ግት ላይ በእጁ እየነቀለ ያደገ ነው። አምብሊዮማ የሚባለው ባለ ረጅም አፍ የመዥገር ወገን የጡቱን ጫፍ ያቆስላል፤ ወደ ፋብሪካ የሚሄደውንም ቆዳ ደረጃ ያወርዳል። በዚህም ሳይወሰን በልብ ዙሪያ ፈሳሽ የሚያጠራቅመውን ኸርትዋተር የተባለ በሽታ ያስተላልፋል። እስካሁን ያለው ዋና መከላከያ የኬሚካል ርጭት ነው። ይሁን እንጂ መዥገሮች በብዙ የዓለም ክፍሎች መድኃኒቱን እየተላመዱት መጥተዋል። ርጭቱ ወደ ወተቱና ወደ ወንዙ መግባቱም አይቀርም።

ክትባት ሌላ መንገድ ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ ያደረጉት ቢኤም 86 የተባለ ፕሮቲን የሚገኘው በመዥገሩ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ከብቱ በዚህ ፕሮቲን ሲከተብ ደሙ ውስጥ ፀረ አካላት ይፈጠራሉ፤ መዥገሩ ደሙን ሲመጥ እነዚህንም አብሮ ይመጣቸዋልና የገዛ አንጀቱ ይጎዳል። አንዳንዱ ይሞታል፤ የተረፈውም የሚጥለው እንቁላል ይቀንሳል። ዘዴው እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ከብቱ ራሱ የመድኃኒቱ ማመላለሻ ሆኗል ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኩባ ጋቫክ የተባለውን፣ አውስትራሊያ ደግሞ ቲክጋርድ የተባለውን ክትባት ለአገልግሎት አበቁ።

ጉድለቱም ከዚሁ ብልሃት የመነጨ ነው። አንጀት ውስጥ የተሸሸገውን ፕሮቲን የከብቱ ሰውነት በተፈጥሮ ንክሻ ስለማያገኘው የመከላከል አቅሙ በራሱ አይታደስም፤ መርፌው በየጊዜው መደገም አለበት። ውጤቱም ዓይን አይሞላም። ረጭቶ መዥገሩ ወዲያው ሲረግፍ ማየት የለመደ አርቢ፣ ከከተበ በኋላ መዥገሩ እንደተጣበቀ ሲያይ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል። ጥቅሙ የሚታየው በሚቀጥሉት የመዥገር ትውልዶች ነውና። ቲክጋርድ ከገበያ ወጥቷል፤ ጋቫክ ግን መንግሥት በመርሐ ግብር በያዘበት በኩባ ሰፊ አገልግሎት ሰጥቷል። ልዩነቱ በፕሮቲኑ አይደለም፤ ሁለቱም የተመሠረቱት በአንድ ዓይነት ፕሮቲን ላይ ነው። በእኛ አስተያየት የሚቀጥለው ዓመት ጥቅም በዚህ ዓመት ኪስ ሲመዘን ትክክለኛ ሚዛን አይገኝም።

እንግዲያስ ገዝተን ለምን አናስመጣም? ክትባቱ የተሠራው ሙሉ ዕድገቱን በአንድ ከብት ላይ ለሚፈጽም የመዥገር ዝርያ ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ቡፊለስ ዲኮሎራተስ የዚህ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ በሙከራ በከፊል ተበግሮለታል። አምብሊዮማ ግን አልተበገረም። ይህ መዥገር በዕድሜው በሦስት እንስሳት ላይ እየተዘዋወረ ስለሚመገብ ከብት ብቻ ቢከተብ እንኳ ሌላ መጠጊያ አያጣም። ስለዚህ የራሳችንን መዥገሮች ፕሮቲን ራሳችን ካላጠናን ሌላ ሰው አያጠናልንም።

ሁለተኛው አቅጣጫ መዥገሩን ትቶ በሽታውን መከተብ ነው። ለዚህ በኬንያ ሙጉጋ የተሠራውን የኢስት ኮስት ትኩሳት ክትባት እንጠቅሳለን። በሽታው በአገራችን ሥር የሰደደ ባይሆንም አብነቱ ይመለከተናል። በሽታ አምጪው ተህዋስ ከነሕይወቱ ለከብቱ ይሰጥና በዚያው ሰዓት ኦክሲቴትራሳይክሊን ይወጋል፤ ከብቱ በቀላሉ ታሞ ይድናል፤ ለረጅም ዘመንም ይጠበቃል። የሰሜን ታንዛኒያ የማሳይ አርብቶ አደሮች ከኪሳቸው እየከፈሉ አስከትበዋል፤ ጥጃ መትረፉን በዚያው ወቅት ያያሉና። ስለዚህ ገበያ ሁልጊዜ እንቅፋት ነው ማለታችን አይደለም። ሕይወት ያለው ይህ ክትባት ግን የሚኖረው በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሙያችን እንመለስ። ናይትሮጅን የሚፈላው በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ሲሆን፣ አንድ ሊትሩን ለማትነን 160 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ወደ ማጠራቀሚያው አንድ ዋት ሙቀት ብቻ ሾልኮ ቢገባ በቀን 86 ኪሎጁል ይሆናል፤ ከግማሽ ሊትር በላይ ተነነ ማለት ነው። ጥሩ ማጠራቀሚያ ይህን ሙቀት በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ይገታል። ባዶው ቦታ አየር ከገባበት ግን ለሳምንታት የታሰበው ፈሳሽ በጥቂት ጊዜ ያልቃል። ሰው ሠራሽ የከብት ማዳቀል አገልግሎታችንም የተንጠለጠለው በዚሁ ፈሳሽ ላይ ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ ደስታ ይባል የነበረው የከብት በሽታ ነው። የክፉ ቀንን ረሀብ ያመጣው ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ዋልተር ፕላውራይት እዚያው ሙጉጋ የሠራው ክትባት ጥሩ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ግን ይፈልግ ነበር። ኋላ ጄፍሪ ማሪነርና ባልደረቦቹ የማድረቂያውን ዘዴ አሻሽለው ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ አደረጉት፤ በ1990ዎቹ የአፋር የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች ይዘውት ወደ በረሃው ዘለቁ። በመድረቁ ሂደት የሚሆነው በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ትነት መለወጡ ነው፤ ይህንንም በመጀመሪያ ዓመት የሙቀት ትምህርት እናስተምራለን።

እ.ኤ.አ. በ2021 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 19 የመዥገር ምራቅ ፕሮቲኖችን የያዘ የኤምአርኤንኤ ክትባት በጊኒ ፒጎች ላይ ሞክረው መዥገሮቹ ሳይጠግቡ ቶሎ መርገፋቸውን አሳይተዋል። ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ይሁን እንጂ የኤምአርኤንኤ ክትባቶችም እስካሁን ቅዝቃዜ ይሻሉ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲጠይቁን ብዙዎቹ ስለ ጥቁር ጉድጓድ መጻፍ ይመኛሉ፤ አንከለክልም። ከመካከላቸው አንዱ ግን ሚዛንና ቴርሞሜትር ይዞ፣ አንድ የናይትሮጅን ማጠራቀሚያ በወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ለአንድ ወር በየቀኑ ቢመዝንልን፣ ከሚቀንሰው ክብደት ስንት ዋት እንደሚሾልክ አብረን እናሰላ ነበር።