አይጧን «እንስሳ አይደለሽም» ያላት ሕግ



አሜሪካ ውስጥ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ የሚባል አለ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ከሰው ቤት የተሰረቁ ውሾች ለላቦራቶሪ መሸጣቸው ሕዝቡን ስላስቆጣ። ያው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2002 በተደረገለት ማሻሻያ፣ ለምርምር ተብለው የተረቡ አይጦችና ወፎች «እንስሳ» አይደሉም ይላል። እየቀለድን አይደለም። ውሻው እንስሳ ነው፣ ጥንቸሏም እንስሳ ናት፤ በላቦራቶሪ ከሁሉም በላይ የምታልቀው አይጥ ግን አይደለችም! ለምን ቢባል፣ የምርምር ተቋማት «ወጪና የወረቀት ሥራ ይበዛብናል» ብለው ስለተሟገቱ ነው።

«ኮሚቴ አለ እኮ» የሚሉን አሉ። አዎ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጨመረው ድንጋጌ እያንዳንዱ ተቋም ቢያንስ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያስገድዳል። አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ አንዱ ደግሞ ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው መሆን አለበት። በየ6 ወሩ ጎጆዎቹን ዞረው ያያሉ፤ ተመራማሪውም ከሚያሳምመው ዘዴ ሌላ አማራጭ መፈለጉን ማስረዳት አለበት። የጥሩን ጥሩነት አንክድም። ግን የቀሩት አባላት እነማን ናቸው? ባልደረቦች። ዛሬ የጓደኛውን ዕቅድ የሚያጸድቀው ነገ የራሱን ይዞ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። የግብርና ሚኒስቴሩ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር እ.ኤ.አ. በ2005ም በ2014ም አንዳንዶቹ ኮሚቴዎች ክትትላቸው በቂ እንዳልሆነ ጽፏል። ከፌዴራል መንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ለአይጥም ቢሆን በሌላ ደንብ ይጠየቃል። ገንዘቡን የማይቀበልና በአይጥ ብቻ የሚያስተምር ኮሌጅስ? በፌዴራል ሕግ በሩን የሚያንኳኳበት ተቆጣጣሪ የለም።

እኛ ደርስ ላይ ስለ ሙሕተሲብ ተምረናል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሸይዘሪ በጻፈው የሒስባ መጽሐፍ የገበያው ተቆጣጣሪ ሥራ ሚዛን ማየት ብቻ አይደለም። የጭነት ከብት ሲቆም ሸክሙ ካልወረደለት ጣልቃ ይገባል። ከየሙያው ዐዋቂ ሰው መርጦ ያማክራል፤ ሥልጣኑ ግን የነጋዴዎቹ አይደለም። ዐዋቂው ይመክራል፣ የውጪው ሰው ይወስናል። ይህን የተገለበጠ ኮሚቴ ያስቀመጡልን ሰዎች «ሳይንስ አይገባችሁም» ሲሉን የሚገርመን ለዚህ ነው። ጎጆ ውስጥ ውሃ መኖሩን ለማየት ዶክትሬት አይጠይቅም።

ከኛው ወጣቶች መካከልም «አላህ የፈጠራቸው ለኛ ጥቅም ነው፣ ምን ያጨናንቃችኋል?» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ድመቷን ስላሰረችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀዋለህ። ደበደበቻት አልተባለም። አስራ አላበላቻትም፣ ፈትታም ራሷን እንድትመግብ አልለቀቀቻትም። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ የዘጋህበት ፍጡር ሙሉ በሙሉ አማናህ ሆነ። ላቦራቶሪ ማለት ደግሞ በሩ በውጪ የሚዘጋ ቤት ነው።

ምርምር ይቁም እያልን አይደለም፤ የምንወስደው ክትባት ከየት እንደመጣ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች መንገዱን አስቀምጠዋል፦ በሌላ መተካት ከተቻለ ተኩ፣ ካልተቻለ ቁጥሩን ቀንሱ፣ የቀረውንም ሥቃዩን አቅልሉ። ለሺህኛ ጊዜ የሚታወቅ ነገር ለማሳየት እንቁራሪት የሚቀደድበት ክፍል ግን ከሦስቱ በየትኛው ያልፋል? ቪዲዮ አለ፣ ሞዴል አለ።

እንስሳት ሕክምና፣ ባዮሎጂና ፋርማሲ የምትማሩ ልጆቻችን፣ ጥያቄው ለናንተ ነው። የተግባር ትምህርቱን ማን አጸደቀው? ከኮሚቴው ውስጥ ከግቢው ደመወዝ የማይበላ አንድ ሰው አለ? ማደንዘዣው ተሰጥቷል ወይስ «ጊዜ የለም» ተባለ? ዒድ ደርሶ ግቢው ሲዘጋስ የጎጆዎቹን ውሃ የሚሞላው ማን ነው? ስሙን ጠይቁ፤ «አንድ ሰው አለ» የሚል መልስ አትቀበሉ።