የሮቶሩዋ ፍልውሃ ባለቤት ነበረው

ስለ ቱሪዝም ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ፦ በዓለም የመጀመሪያውን የመንግሥት ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው ኒውዚላንድ ናት፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1901 ነው። አገሪቱ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። መሥሪያ ቤቱ የቱሪስትና የጤና መዝናኛዎች መምሪያ ይባል ነበር፤ ሚኒስትሩ ጆሴፍ ዋርድ፣ ሥራ አስኪያጁ ቶማስ ዶን ነበሩ። እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምቃወመው በዚህ ላይ የሚገነባውን ውዳሴ ነው፤ አርቆ አሳቢ መንግሥት ከምንም ተነስቶ ኢንዱስትሪ ፈጠረ የሚለውን። ኢንዱስትሪው ቀድሞም ነበር። ባለቤትም ነበረው።

መምሪያው ከመቋቋሙ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት፣ ፍልውሃ ከሚፈልቅባት ከሮቶሩዋ ብዙም በማትርቀው በቴ ዋይሮዋ መንደር የሚኖሩት ከአገሪቱ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች ወገን የሆኑት የቱሆራንጊ ጎሳ ሰዎች ከአውሮፓ ሳይቀር የሚመጣ እንግዳ ያስተናግዱ ነበር። እንግዳው የሚመጣው ፍልውሃ ለዘመናት እየፈሰሰ የሠራቸውን ነጭና ሮዝ እርከኖች ለማየትና በሞቀው ገንዳቸው ለመታጠብ ነው። መንገዱን የሚመሩት እነሱ፣ ጀልባውን የሚቀዝፉት እነሱ፣ ዋጋውንም የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። ሶፊያ ሂኔራንጊ የምትባለው አስጎብኚ ስሟ ባሕር ተሻግሮ ነበር። መንደሩ ሂኔሚሂ የተባለ የመሰብሰቢያ ቤት አሠራ። በማኦሪ ልማድ በእንጨት ምስሎች ዓይን ውስጥ የሚገባው የሚያብረቀርቅ የባሕር ዛጎል ነው፤ የሂኔሚሂ ምስሎች ዓይን ግን የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ነበር። ነጮቹ ተጓዦች ክፍያው በዛ፣ ሕዝቡ ስግብግብ ነው እያሉ ያማርሩ ነበር። ሰው በገዛ መሬቱ ላይ ስላስከፈለ ስግብግብ ከተባለ፣ ያንኑ መሬት ወስዶ የሚያስከፍለው መንግሥት ምን ሊባል ነው?

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1886 ሌሊት የታራዌራ ተራራ ፈነዳ። እርከኖቹ ጠፉ፣ መንደሩ በጭቃና በአመድ ተቀበረ፣ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። በሂኔሚሂ ጣሪያ ሥር የተጠለሉት ተረፉ። ከስድስት ዓመት በኋላ የቅኝ ግዛቱ ገዢ ሎርድ ኦንስሎ ያንን ቤት በ50 ፓውንድ ገዝተው እንግሊዝ አገር ባለው ርስታቸው ግቢ ውስጥ አስተከሉት።

የሮቶሩዋ መሬት የተወሰደው ግን በእሳተ ገሞራ አይደለም፤ በሕግ ነው። በ1880 የንጋቲ ፋካውዌ ጎሳ ማኦሪዎች በሮቶሩዋ ከተማ እንዲቆረቆር ሲስማሙ መሬቱን ለ99 ዓመት ሊያከራዩ እንጂ ሊሸጡ አልነበረም። መንግሥትን ወክሎ የተዋዋላቸው ፍራንሲስ ፌንተን፣ የማኦሪዎችን የመሬት ይዞታ የሚወስነው ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ነበር። የይዞታ ክርክራቸውን የሚዳኘው ሰው መሬታቸውን ሊያስለቅቅ ሲደራደር፣ ይህን ነፃ ስምምነት ብሎ መጥራት ነውር ነው። በ1881 የወጣው የፍልውሃ ወረዳዎች ሕግ ደግሞ በተከለሉት ወረዳዎች ከመንግሥት በቀር ማንም ከማኦሪ መሬት እንዳይገዛና እንዳይከራይ ከለከለ። ባለመሬቶቹ የቀራቸው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ሕጉን ያወጣው ራሱ። ብዙም ሳይቆይ ኢኮኖሚው ተዳከመ፣ ተከራዮቹ ኪራይ መክፈል አቆሙ፣ ሰብስቦ ሊያስረክባቸው ኃላፊነት የወሰደው መንግሥትም አላስከፈለላቸውም። አሥርት ዓመቱ ሲያልቅ መንግሥት የከተማውን መሬት አብዛኛውን ከተቸገሩት ባለቤቶች ገዛ። በ1890ዎቹ ከሮቶሩዋ አጠገብ በፋካሬዋሬዋ የሚገኙት ፍል ምንጮችም ተከተሉ። መምሪያው በ1901 ሲከፈት ለዓለም የሚያስተዋውቀው ዕቃ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል።

መምሪያው በውሰት የያዘው ሕልም የአውሮፓዎቹ የፍልውሃ ከተሞች የእነ ካርልስባድና ባደን ባደን ነው። አርተር ቮልማን የተባለ ሐኪም ከእንግሊዟ ባዝ ከተማ አስመጥቶ የመንግሥት የማዕድን ውሃ ሕክምና ባለሙያ አደረገው፤ በ1908 በጥንታዊ የእንግሊዝ ቤት አምሳል ግዙፍ የመታጠቢያ ሕንፃ አስመረቀ። የታሰበው የአውሮፓ ባለጸጋ በሽተኛ ነው። ይህ በሽተኛ በደጁ ባቡር የሚያደርሰው ፍልውሃ እያለው ስለ ምን ስድስት ሳምንት በመርከብ ይጓዛል? እንደታሰበው አልመጣም። ድኝ ያዘለው እንፋሎት ቧንቧውንና ልስኑን እየበላ ጥገናው ማለቂያ አጣ። ወጪውን የሸፈነው ሕዝብ ነው። ሕንፃው በ1969 ሙዚየም ሆነ።

የዚያኑ ዓመት፣ ማለትም የ1901ን፣ ሌላ ሹመት ደግሞ እንመልከት። የማኦሪ ሕዝብ በ1896 ቆጠራ ወደ 42,000 ዝቅ ብሏል፤ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ መንደሮቹን ያጠቃል። መንግሥት ለዚህ የመደበው ማዊ ፖማሬ የተባለ አንድ ማኦሪ ሐኪም ነው። ሁለተኛው ሐኪም ቴ ራንጊ ሂሮዋ የተጨመረው በ1905 ነው። ከውጭ ለሚናፈቀው የሪህ ሕመምተኛ አዳራሽ ሲታነጽ፣ የፍልውሃው ባለቤቶች በየመንደሩ የሚዞር ሐኪም ይጠብቁ ነበር። በሁለቱ መካከል የተደረገውን ምርጫ ይቅር የሚያሰኝ ሰበብ አላገኘሁለትም።

ቱሪዝሙ ለማኦሪዎች እንጀራ ሆኗል የሚል ክርክር አለ፤ ሐሰት ነው አልልም። ማጊ ፓፓኩራ በ1901 የእንግሊዝን አልጋ ወራሽና ባለቤቱን በፋካሬዋሬዋ አስጎብኝታለች፤ ኋላም ኦክስፎርድ ገብታ ስለ ሕዝቧ የጻፈችው መጽሐፍ ከሞተች በኋላ በ1938 ታትሟል። ነገር ግን መምሪያው ሕዝቡ እየኖረበት ካለው መንደር አጠገብ፣ ቱሪስት የሚወደውን የድሮ ማኦሪ ምሽግ የሚመስል የማሳያ መንደር ያሠራውም በዚያው ዘመን ነው። በቴ ዋይሮዋ ዋጋ ቆራጭ የነበረው ሕዝብ እዚህ የትርኢቱ አካል ሆኗል። እንጀራው እውነት ነው፤ ግን በራሳቸው ቤት ተቀጥረው ያገኙት እንጀራ ነው።

በ2009 የኒውዚላንድ ፓርላማ የፋካሬዋሬዋን የፍልውሃ ሸለቆ ለማኦሪ ባለቤቶቹ የሚመልስ ሕግ አወጣ። 1901ን በኩራት የሚጠቅስ የቱሪዝም መማሪያ ሁሉ ይህንንም ዓመት አጠገቡ ይጻፍ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ደግሞ ከቴ ዋይሮዋ ይጀምር።