የኃይለ ሥላሴን ዙፋን ያነቃነቀው፣ የቻርልስን ኑዛዜ የተቀበለው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ

ዌስትላንድስ፣ ናይሮቢ — ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ በጥቅምት 2016 ዓ.ም ኬንያን ሲጎበኙ አንድ ጥያቄ ከፊታቸው ይሄድ ነበር፦ ይቅርታ ይጠይቃሉ ወይስ አይጠይቁም? ንጉሡ በቅኝ ግዛት ዘመን በኬንያውያን ላይ የተፈጸመው ግፍ አስነዋሪና ምንም ምክንያት የማይቀርብለት እንደነበር ተናገሩ፤ ጥልቅ ጸጸታቸውንም ገለጹ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን አልተጠቀሙም። ከለንደን ተከትለዋቸው የመጡት የንጉሣውያን ጉዳይ ዘጋቢዎች ያችን ያልተነገረች ቃል ይዘው ዘገባቸውን ላኩ።

የእነዚህ ዘጋቢዎች ሥራ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ንጉሡ ከመኪና ሲወርዱ፣ ጉንጉን አበባ ሲያኖሩ፣ ችግኝ ሲተክሉ መቅረጽ ነው። ማን የት እንደሚቆም የሚወስነው ግን ቤተ መንግሥቱ ነው። በብሪታንያ ልማድ ጥቂት ጋዜጠኞች በተራ ይገቡና ያገኙትን ለሌሎቹ ያካፍላሉ። ስለዚህ የዘርፉ ዋነኛ ሀብት ወሬ ወይም ምስል ሳይሆን መግቢያ ነው። መግቢያ የሚሰጠው አካል የሚዘገብበት ራሱ መሆኑ ደግሞ ሥራውን ዘወትር አጣብቂኝ ውስጥ ያስገባዋል።

ቻርልስን በካሜራ ፊት በስፋት ካናገሯቸው ጋዜጠኞች አንዱ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። በብሪታንያ ስሙ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስታውሱት የ1994ቱን (እአአ) ቃለ ምልልስ ነው። በኢትዮጵያ፣ በተለይ የ1966ን አብዮት ባዩ ሰዎች ዘንድ፣ ይኸው ስም የሚታወሰው በሌላ ምክንያት ነው፦ በወሎ ረሃብ። አንድ ሰው በአንድ የሥራ ዘመኑ የአንዱን ንጉሥ ውድቀት ያፋጠነ ፊልም ሠርቶ፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ የሌላውን የወደፊት ንጉሥ ኑዛዜ ተቀብሏል። ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት፣ ካሜራ በዘውድ ላይ ምን ሥልጣን እንዳለው፣ ምንስ እንደሌለው ለመረዳት ይረዳል።

የአባት ድምፅ

ዲምብልቢ የተወለደው ከንጉሣውያን ዘገባ እልፍኝ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባቱ ሪቻርድ ዲምብልቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቢቢሲ የጦር ግንባር ዘጋቢ ነበር፤ እአአ በ1945 የበርገን ቤልሰንን የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ለሬዲዮ አድማጮች የገለጸውም እሱ ነው። እአአ ሰኔ 2 ቀን 1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ሲጭኑ ከዌስትሚንስተር አቢ ሥነ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን የተረከው የእሱ ድምፅ ነበር። በብሪታንያ ብቻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደተመለከተው ይነገራል፤ ቴሌቪዥን ከሬዲዮ ልቆ የቤተሰብ ዕቃ የሆነውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የሚሉ አሉ። ታላቅ ወንድሙ ዴቪድም ለብዙ አሥርት ዓመታት በቢቢሲ የንጉሣውያን ሥርዓቶችን ሲመራ ኖሯል።

ታናሹ ጆናታን በዚያው መንገድ ቢጓዝ የሚገርም አልነበረም። እሱ ግን ሥራውን ያደመቀው በወዲያኛው ጫፍ ነው፦ ዘውዱ በማይታይበት፣ የዘውዱ ሥር ያሉ ሰዎች በሚሞቱበት ቦታ።

የወሎ ምስል

ፊልሙ በቴምዝ ቴሌቪዥን «ዚስ ዊክ» በተሰኘው ፕሮግራም የተላለፈው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም ነው። ርእሱ «ያልታወቀው ረሃብ» ይላል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመጠለያ ጣቢያዎች የተኮለኮሉ፣ ከመሬታቸው ተነቅለው የመጡ የወሎ ገበሬዎችን ያሳያል። ባለጉዳዮቹ የተራቡት ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አይደሉም። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ብዛት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይለያያል።

ርእሱ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ረሃቡ «ያልታወቀ» የነበረው ለማን ነው? ለወሎ ሰው አልነበረም። ለአውራጃ ሹማምንትም አልነበረም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ዲምብልቢ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አሳይተዋል። የሰማቸው ግን አልነበረም፤ ይባስ ብሎ መንግሥት ነገሩ እንዳይወራ ይፈልግ ነበር። የውጭ ካሜራ ሲመጣ ረሃቡ «ታወቀ»። ይህ ልማድ በእኛ አካባቢ ዛሬም ድረስ አልጠፋም፦ የአገሬው ሰው የተናገረው አቤቱታ ይባላል፤ የውጭው ሰው የቀረጸው ማስረጃ ይባላል።

ፊልሙ በብሪታንያና በሌሎች አገሮች ከፍተኛ የእርዳታ ገንዘብ አሰባሰበ። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወሎን ጎበኙ። ዲምብልቢም ለሥራው ሽልማት አገኘ፤ ሽልማቱ የተሰየመው በአባቱ ስም ነበር።

ካሜራን የሚያውቁ ንጉሥ

አጼ ኃይለ ሥላሴ ካሜራ የማያውቁ ንጉሥ አልነበሩም። ከዘመናቸው መሪዎች ምስል ምን እንደሚሠራ ቀድመው ከተረዱት አንዱ ነበሩ። የ1923ቱ የዘውድ በዓላቸው የዓለም ጋዜጠኞችን አዲስ አበባ አምጥቷል፤ በ1928 በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ያሰሙት አቤቱታ በፊልም ዜና ዓለምን ዞሯል። የንግሥት ኤልሳቤጥ የ1957 ዓ.ም ጉብኝት ለካሜራ የተመቸ ትልቅ ትዕይንት ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በዚያው ዓመት በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሰሞን፣ በብሪታንያው ቶምሰን ኩባንያ እገዛ ሥራ ጀመረ።

የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የንጉሣውያን ዘጋቢ ሳይባል የንጉሣውያን ዘጋቢ ነበር። የዜናው መክፈቻ የንጉሠ ነገሥቱ ውሎ ነው፦ ማንን ተቀብለው አነጋገሩ፣ የትኛውን ተቋም መረቁ፣ ለማን ሸለሙ። ቃሉ፣ ማዕረጉ፣ የስሙ ቅደም ተከተል ሁሉ የተለካ ነው። ይህን ማናናቅ ተገቢ አይመስለኝም፤ በአማርኛ የዜና ቋንቋ ውስጥ እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ሥርዓትና ጥንቃቄ በከፊል ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን ንጉሡ ለክብር ያስቀረጹት ምስል አንድ ቀን የክስ ማስረጃ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የመስከረም 1 ምሽት

የደርግ መኮንኖች ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ1967 ዓ.ም የዘመን መለወጫ ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የዲምብልቢን ፊልም አሳየ። ፊልሙ ግን ለንደን ላይ የታየው አልነበረም። በተራቡት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ የሠርግ ኬክ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ምስሎች ገብተውበታል። ርእሱም «ስውሩ ረሃብ» ሆኗል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እንዲመለከቱት እንደተነገራቸው ብዙ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነበበላቸው፤ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ።

ፊልሙ ብቻውን ዙፋን አልገለበጠም። ከነገሌ ቦረና የጀመረው የሠራዊቱ አመጽ፣ የነዳጅ ዋጋ ንረት፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ፣ የመሬት ጥያቄ ሁሉ ከዚያ ቀድመው የመጡ ናቸው። ፊልሙ ያደረገው ነገር ቢኖር ሕዝቡ በመጨረሻው ሰዓት ለንጉሡ እንዳያዝን ማድረግ ነው። የዚያ ዓይነት ሥራ ደግሞ በአዋጅ አይሠራም፤ በምስል ይሠራል።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የተራበው ሕፃን እውነት ነው። ኬኩም እውነት ነው። ከምስሎቹ አንዱም የፈጠራ አልነበረም፤ የተሠራው መጋጠሚያው ነው። ሁለቱ በተለያየ ጊዜና ቦታ መቀረጻቸውን የሚናገር ድምፅ የለም፤ ተመልካቹ ግን በአንድ ማዕድ ዙሪያ እንዳሉ አድርጎ ያነባቸዋል። ክሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ረሃቡ ተደብቋል፣ ቤተ መንግሥቱም ደግሷል። ግን ክሱን ያቀረበው፣ የፈረደውና የፈጸመው አንድ አካል ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ስድሳ ያህል ሰዎች፣ ብዙዎቹ የንጉሡ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነሐሴ 21 ቀን 1967 በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ።

ለንደን የተቆረጠ ፊልም አዲስ አበባ ላይ ዳግም ሲቆረጥ የመጀመሪያው ጋዜጠኛ ምን ኃላፊነት አለበት? የሕግ መልሱ አጭር ነው፤ የለበትም። የሙያው መልስ ግን ይከብዳል። ዛሬ ማንኛውም ባለ ስልክ የሌላውን ምስል ቆርጦ በራሱ መልእክት በሚሰፋበት ዘመን፣ የመስከረም 1 ምሽቱ ስርጭት እንደ ሩቅ ታሪክ ለመቆጠር ይቸግራል።

በዋያኪ መንገድ ላይ

ከዌስትላንድስ ማዶ፣ ከሞሎሎንጎ ተነሥቶ ከተማዋን የሚያቋርጠው የክፍያ መንገድ በሚያበቃበት አቅጣጫ፣ ዋያኪ መንገድ ላይ ኤቢሲ ፕሌስ የሚባል የገበያና የቢሮ ሕንፃ አለ። የካሜራፒክስ ኩባንያ አድራሻ ሆኖ ብዙዎች የሚያውቁት ይህንኑ ነው። መሥራቹ በናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን ነበር። ለኢትዮጵያውያን መንገደኞች ኩባንያው በሌላም ይታወቃል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድን «ሰላምታ» መጽሔት ለዓመታት ያዘጋጅ የነበረው እሱ ነው።

አሚን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በ1977 ዓ.ም ነው። በዚያ መስከረም ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በከፍተኛ ድግስ ሲያከብር፣ ሰሜኑ ዳግም እየተራበ ነበር። ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከልክለዋል። በዲምብልቢ ፊልም ላይ ኬክ የጨመሩት ሰዎች አሁን ራሳቸው የሚደብቁት ረሃብና የሚቆርሱት ኬክ ነበራቸው። አሚንና የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ኮረም ደርሰው የቀረጹት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን ተላለፈ፤ በዓለም ዙሪያ ከ400 የሚበልጡ ጣቢያዎች እንዳሳዩት ይነገራል።

አሚን እአአ በሰኔ 1991 አዲስ አበባ በፈነዳው የጥይት መጋዘን የግራ ክንዱን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። እሱም በሰው ሠራሽ ክንድ ሥራውን ቀጥሎ፣ እአአ ኅዳር 23 ቀን 1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ ሆነ።

ኑዛዜው

ወደ ዲምብልቢ ስንመለስ፣ እአአ ሰኔ 29 ቀን 1994 በአይቲቪ የተላለፈው ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ልዑል ቻርልስ በሩን ከፍተውለታል። በዚያው ዓመት ለታተመው የሕይወት ታሪካቸው ደብዳቤዎቻቸውንና ማስታወሻዎቻቸውን ሳይቀር እንዲያይ ፈቅደውለታል። ለትዳራቸው ታማኝ ነበሩ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ነበርኩ፣ ትዳሩ ላይጠገን እስኪፈርስ ድረስ ሲሉ መለሱ። ከፊልሙ ሁሉ የቀረው ያ አንድ መልስ ነው። ስለ ሥራቸው፣ ስለ በጎ አድራጎታቸው፣ ስለ ሃይማኖት ያሉት ተረሳ። በዚያው ምሽት ልዕልት ዳያና ጥቁር ቀሚስ ለብሰው በለንደን አደባባይ ታዩ፤ የማግስቱ ጋዜጦች የፊት ገጽ ለሁለት ተከፈለ።

ዲምብልቢ ለልዑሉ ወዳጅ ሆነ ብለው የወቀሱት ነበሩ። ወቀሳው ግማሽ እውነት አለው ብዬ አስባለሁ፤ በፈቃድ የገባ ጋዜጠኛ ባለቤቱ ያሳየውን ክፍል ነው የሚያየው። ግን ጥያቄውን ጠይቋል። በዓመቱ ማርቲን ባሺር በቢቢሲ «ፓኖራማ» ዳያናን ያነጋገረበት መንገድ ምን እንደነበር እአአ በ2021 በተደረገው የሎርድ ዳይሰን ምርመራ ታውቋል፦ ሐሰተኛ የባንክ ሰነድ አሠርቶ በማታለል ነው የገባው። ቢቢሲም ይቅርታ ጠይቋል። ሁለቱም ቃለ ምልልሶች ታሪክ ሠርተዋል፤ የገቡበት በር ግን አንድ አይደለም።

ሁለቱን የዲምብልቢ ፊልሞች ደጋግሞ ላሰበ ሰው ዐይን የሚይዘው ልዩነት የዘውዶቹ ልዩነት አይደለም። ቻርልስ ከመቀረጻቸው በፊት አስበዋል፣ አማካሪ ነበራቸው፣ እምቢ ለማለትም ይችሉ ነበር፤ ዛሬም ንጉሥ ናቸው። አጼ ኃይለ ሥላሴ በፊልሙ ላይ መልስ የመስጠት ዕድል አላገኙም። ከሁሉ የራቁት ግን የወሎ ገበሬዎች ናቸው። ፊታቸው ለንደን ላይ ገንዘብ አሰባስቧል፣ አዲስ አበባ ላይ ንጉሥ ለማውረድ አገልግሏል፤ በሁለቱም ጊዜ ያማከራቸው አልነበረም።

ከ1977ቱ ረሃብ ምስሎች መካከል አንዷ ሕፃን፣ ብርሃን ወልዱ፣ በሕይወት ተርፋ እአአ በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ቆማለች። ስሟ ታውቋል። በ1966ቱ ፊልም ውስጥ በእናታቸው ጀርባና ጭን ላይ የሚታዩት ሕፃናት፣ የተረፉ ካሉ፣ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል።